ሹልክ ብለን እንዳንወጣ የከለከለችን ዘይነባ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረውን ጎረቤቴን ይዤ ወደ ቤተሰብ ማዕከሉ ሄድኩ። ልጇ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ እሷም ራሷ ገና ልጅ ናት፤ ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚያለቅስ እግዚአብሔር ይወቅ። "አንዲት የድሬዳዋ ሴት አለች፤ እሷን አግኚ እንጂ ሌላው ቀላል ነው" እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስነው። ቤቱ እዚሁ ሰፈራችን፣ ዌስተን ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ አለፍ ሲሉ። ዘይነባ ትቀመጥበት የነበረውን ክፍል ሳንኳኳ ግን አንዲት ወጣት ፈረንጅ ብቅ አለች። ዘይነባ ጡረታ ወጥታለች፤ ከተማውንም ለቃ ኤድመንተን ልጇ ዘንድ ገብታለች፤ ልጇ ራሱ መጥቶ ዕቃዋን ጭኖ ወሰዳት አለችን።

"ልጇ ራሱ?" አልኩ። የምታስተረጉምልኝ ጎረቤቴ ናት። "እስቲ ጠይቂያት፤ ልጇ ራሱ መጥቶ?"

"አዎ አባባ፣ ራሱ መጥቶ ነው የምትለው። ምነው፣ ያውቁታል እንዴ?"

አላውቀውም። አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅ። ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እፎይ አልኩ። ዳገት ላይ ፈረሱ ሊቆምብህ ነው ብለህ ስትፈራ ቆይተህ ጫፍ ላይ ሲያወጣህ የሚመጣው ዓይነት እፎይታ ነው። ምክንያቱን እየቆየሁ እነግራችኋለሁ።

እኔ ደብረ ዘይት ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዳሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለ ሰው ጽፌም አላውቅ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ሰላም አምጥታኝ አሁን የምኖረው ከእሷና ከልጅ ልጄ ከሶስና ጋር ነው። ዘይነባን ያወቅኋት ግን ያኔ፣ መጀመሪያ ለስድስት ወር ብቻ የመጣሁ ጊዜ ነው። ሶስና አራት ዓመቷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰላም ሶስናን እዚህ ስትወልድ ብቻዋን ነበረች። የልጅቷ አባት ገና በእርግዝናው ጊዜ መንገዱን ለይቷል። ሰላም የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ ጠዋት አንድ ሺፍት፣ ከሰዓት ሌላ ሺፍት፤ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ወር ሲሞላት ወደ አገር ቤት በምትሄድ ጓደኛዋ እጅ ላከችልን። "ለስድስት ወር ነው" ነበር ያለችን። ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት አለፈው። እንዲህ ያደረገች እሷ ብቻ አይደለችም፤ እዚህ ፎቅ ላይ ስንቱ ቤት ብትጠይቁ ይህንኑ ታሪክ ትሰማላችሁ። ሶስና ጋሪዬ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ከደንበኞቼ ጋር እየተከራከረች አደገች። ትምህርት ቤት መግቢያዋ ሲደርስ ሰላም "አምጡልኝ" አለች። ባለቤቴ ወገቧን ታማ ስለነበር ከእህቷ ጋር ትቻት እኔ ይዣት መጣሁ። ቪዛዬ ለስድስት ወር ነው። በስድስት ወር ውስጥ ልጅቷን ለእናቷ አስረክቤ መመለስ ነበረብኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

በስልክ እኮ ይዋደዳሉ! ሶስና ስልኩን ስማ ስማ ምራቋ ያጥበዋል። "ሰላምዬ፣ ዛሬ ፈረሱ አስነጠሰ!" ትላታለች፤ እናቷ እዚያ ማዶ ትስቃለች፤ ታለቅሳለች። አውሮፕላን ጣቢያ ስንገናኝ ግን ሰላም እጇን ዘርግታ ስትንበረከክ፣ ልጅቷ ካፖርቴ ውስጥ ገባች። ከዚያ ውስጥ ሆና "አባባ፣ ይቺ ሴትዮ ሰላምን ትመስላለች" አለችኝ።

ቤት ገብተን ደግሞ የባሰ መጣ። በማግስቱ ሰላም ማጀት ገብታ ገንፎ ስታማስልላት፣ ሶስና ስልኬን ከኪሴ አውጥታ ይዛልኝ መጣች።

"አባባ፣ ሰላምን ደውልልኝ።"

"ሰላም እኮ ያቻትልሽ።"

"እሷን አይደለም። የኔን ሰላም።"

ልጄ ማማሰያውን ይዛ ቆማ ሰማች። ገንፎው አረረ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጨነቀን። ልጅቷ ያለ እኔ አትበላም፤ ያለ እኔ አትታጠብም፤ እኔ ሽንት ቤት ስገባ በሩ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እናቷ ልታቅፋት ስትል እንደ እንጨት ትደርቃለች። ሰላም ለክትባት የወሰደቻት ቀን ነርሷ ይህን አየች መሰለኝ፣ ወላጅና ልጅ እንዲላመዱ የምትረዳ ሴት ቤታችን ድረስ እንደምትመጣ ነገረቻት። ሰላም ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

"አባዬ፣ ሊወስዷት ነው።"

"ማንን?"

"ልጄን ነዋ! እዚህ አገር ልጅ እናቷን አልወድም ካለች ይወስዷታል። ሴትዮዋ ስትመጣ አንተ መኝታ ቤት ግባና ድምፅህን አጥፋ። ከእኔ ጋር ስትጫወት አይታ ትሂድ።"

እኔም አመንኩ። ወለሉን ወለወልን፤ ሶስናን የበዓል ቀሚሷን አለበስናት፤ በሩ ሲንኳኳ እኔ ገብቼ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ድብብቆሽ መጫወቴ ነው። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። "አባባ! የት ገባህ? አባባ!" ከዚያ በሩን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር። ትንፋሼን ዋጥኩ። እንደ መጥፎ ዕድል ጉሮሮዬን በላኝ።

አንድ የማላውቀው ድምፅ "እዚያ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሊያስል ነው መሰለኝ፤ ወጥቶ ያስል አቦ!" አለ።

ወጣሁ። አንዲት ደልደል ያለች፣ ሻሿ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ሃምሳዎቹን ያለፈች ሴት ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ፌስታል፤ ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ሶስና እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ሰላም መሬት ልትገባ ደርሳለች።

"አንተ ነህ አያትየው? ና፣ ተቀመጥ" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቀች። "ጋሼ፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አልፈጠረብንም። የምትቀየም ከሆነ ካሁኑ ንገረኝና ልለማመድ።"

"ኧረ ምንም አይደል" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከእሷ አፍ "አንተ" ከሌላው "አንቱ" ይሞቅ ነበር።

ወደ ሰላም ዞረች። "እህቴ፣ እኔ ልጅ ልወስድ አልመጣሁም። ወላሂ፣ ያሉትንም አልቻልኳቸው! የመጣሁት ይቺ ልጅ ሁለታችሁንም እንድታገኝ ነው። አሁን ቤታችሁ እንደ ወትሮው ይሁን፤ እኔ ዝም ብዬ ልይ።"

አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ አየችን። ዝም ስትል ታስፈራ ነበር፤ ዓይኗ ከልጅቷ አይነቀልም። ሶስና ስልኬን ይዛ "የኔን ሰላም ደውልልኝ" ያለችኝን ሰምታ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። "ይቺ ልጅ ከአንቺ አልሸሸችም። ድምፅሽን ታውቃለች፤ ፊትሽን ታውቃለች። ሽታሽን አታውቅም። ስልክ አይሸትማ!"

ሰላም ልታለቅስ ስትል "አልቅሺ፣ ምን ችግር አለው፤ ልቅሶ ሥራ ላይ ነው፣ ሥራ አታስፈቱት" አለቻት። ይህን አባባሏን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አገራችን ልጅ ሲያለቅስ "ዝም በይ፣ ጅብ መጣ" ነው የምንለው። ዘይነባ ቤታችን ውስጥ ጅቡን አገደችው።

ወደ ዘዴዋ ልምጣ። እኔ አንዳንድ ጊዜ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። "ልጅቷ ሰላምን የምታውቃት በስልክ ከሆነ፣ በስልክ እንጀምራለና" አለች። ሰላም መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ትደውላለች፤ ሶስና ሳሎን ሆና ታወራታለች። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሶስና ፊቷ በራ፤ የሷ ሰላም ተገኘቻ! በሁለተኛው ሳምንት በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ፤ ድምፁ ከስልኩም ከበሩም ይመጣል። ሶስና ስልኩን ታያለች፣ በሩን ታያለች። በሦስተኛው ሰላም ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ልትጠጋ ፈለገች፤ ዘይነባ ቀሚሷን ይዛ "ቀስ አቦ! አንቺ በር ላይ ተቀመጪ፤ የምትመጣው እሷ ናት" አለቻት። አራተኛው ሳምንት ላይ ሶስና ስልኩን እንደያዘች በዳዴ ተጠግታ፣ የእናቷን ጉልበት በጣቷ ነካ አደረገችና በስልኩ "ሰላም፣ ካልሲሽ ተቀዷል" አለቻት።

"ተቀዷል እንዴ?" አለች ሰላም፣ እሷም በስልኩ። እንባዋ ወርዶ ስልኩን አርሶታል።

"አዎ። አውራ ጣትሽ ወጥቷል።"

ዘይነባ ወደ እኔ ዞራ በሻሿ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። ሳቋ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው።

እኔን በተመለከተ ግን ሥራዋ ገና ነበር። ሞል የሚሉት የገበያ ሕንፃ ውስጥ እንደ እኔ ያሉ የአገሬ ሽማግሌዎች ከሰዓት ከሰዓት ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ቀን እሄድ ነበር። ስሄድ ታዲያ እንደ አገሬ ልማድ ነው የምሄደው፤ ልጅቷ በሥዕል ስትጠመድ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በካልሲ፣ ሹልክ። አንድ ቀን እንደዚያ ሆኜ በሩን ስከፍት ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

"ጋሼ፣ የማንን ጫማ ሰርቀህ ነው?"

"ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች! የራሴ ነው። ስታየኝ ታለቅሳለች ብዬ እኮ ነው።"

"አንተ ልቅሶዋን ሸሸህ። እሷ ግን ልቅሶው ቀረላት እንዴ? ዞር ስትል የለህም፤ ከዚያ ብቻዋን ነው የምታለቅሰው።"

"ለአሥር ደቂቃ ነዋ።"

"ለአሥር ደቂቃ መሆኑን ማን ነገራት? ሽንት ቤት በር ላይ የምትጠብቅህ ለምን ይመስልሃል? አንድ ጊዜ ተኝታ ስትነቃ እናት የለችም። ያንን ያየ ልጅ በር ይጠብቃል። ትልቅ ሰው ተሰናብቶ ነው የሚወጣው፤ ሹልክ የሚለው ሌባ ነው።"

አልተቆጣችም። ጫማዬን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችልኝ፤ አደረግሁት። ገብቼ "ሶስናዬ፣ እወጣለሁ፤ እመለሳለሁ" አልኳት። የፎቁ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች። ዘይነባ "ሂድ" አለችኝ። ሕንፃውን አንዴ ዞሬ ተመለስኩ። በማግስቱ ሁለቴ ዞርኩ። እንዲህ ስዞር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ሶስና ከሥዕሏ ቀና ብላ "ስትመለስ ሙዝ ይዘህ ና" ብላ ጎንበስ አለች። ያን ቀን ሙዝ ፍለጋ የሄድኩት በክንፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

ዘይነባ ስለ ሰው ሥራ መጠየቅ ትወድ ነበር። "ጋሪ ስትነዳ ፈረስ ሸጠህ ታውቃለህ? የገዛው ሰው ጋ ፈረሱ እንዴት ይለምዳል?" አለችኝ አንድ ቀን። ነገርኳት። ፈረስ አስረክበህ ብትሄድ መንገድ ላይ ይቆምበታል፤ አንዳንዱም ይራገጣል። ሳምንት ያህል አብረህ ጋሪው ላይ ትወጣለህ። ልጓሙን አዲሱ ሰውዬ ይይዛል፤ አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ ድምፅህን ታሰማለህ። ፈረሱ ዞር ብሎ ሲያይህ "ቀጥል" ትለዋለህ።

እጇን አጨበጨበች። "እኔ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ኮሌጅ ተቀመጥኩ! በል እንዲያ አድርግ። ሶስና ስትመጣብህ አትግፋት፤ እጅህን ግን ኪስህ ክተት። ፊትህን ግን አትክተት። በፊትህ 'እናትሽ ናት፣ ቀጥዪ' በላት።"

እጅ ኪስ ውስጥ መክተት ቀላል ይመስላችኋል? ልጅ አንስቶ ለለመደ እጅ ይህን ያህል ከባድ ነገር የለም።

ክረምቱ መሐል ላይ ግን ቤታችን ፈነዳ። ሶስና ታመመች፤ ትኩሳት። ሰላም ከሥራ ቀርታ አጠገቧ ብትቀመጥ ልጅቷ "አባባ ይያዘኝ" ብላ ገፈተረቻት። የለመደችው ሁሉ በአንድ ቀን የጠፋ መሰለን። በማግስቱ ዘይነባ ስትመጣ ሰላም ፊቷን አላዞረችላትም።

"ተዪን በቃ። አልሆነም። እኔ ወለድኩ፣ እነሱ ወሰዱ። አባዬ፣ ወሰዳችሁብኝ!"

ምን እላለሁ? እውነት አላት እንዳልል፣ የላከቻት እሷ ናት። የላትም እንዳልል፣ እኛም "ትንሽ ትቆይልን" ያልንበት ጊዜ አለ። ቤቱ ባዶ ነበራ። ይህን ለባለቤቴም ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም።

ዘይነባ እንደ ልማዷ ጉልበቷን እያንቋቋች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ ወንድ ልጄን በሁለት ዓመቱ አክስቴ ጋ ትቼ ነው በጅቡቲ የወጣሁት" አለች። "ተኝቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ እዚህ አመጣሁት። ምግብ አበላሁት፤ ጫማ ገዛሁለት፤ ትምህርት ቤት አስገባሁት። አንድ ቀን እየበላ 'ያኔ ስነቃ የት ሄደሽ ነበር?' አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? 'ዝም ብለህ ብላ።' እኔ ልጄን ያጣሁት ድሬ ላይ አይደለም፤ እዚያ ገበታ ላይ ነው። ደግሞ አልጠየቀኝም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ኤድመንተን ነው። በዒድ በዒድ ይደውላል።"

ሰላም ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እሷ መለሰች።

"ታዲያ የእናንተ ነገር አልቆለታል?" አልኳት።

"ይዘገያል እንጂ አያልቅም ጋሼ። ለሰው ይህን እየነገርኩ ለራሴ ባላምን ምን ይባላል? ባለፈው ዒድ እኔ ቀድሜ ደወልኩለት። 'ስትነቃ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሳልነግርህ ሄድኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው' አልኩት። ዝም አለ። ስልኩን ግን አልዘጋም።" ከዚያ ሰላምን አየቻት። "ያንቺ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፤ ገፍትራሻለች፤ ገፍትራሽም ካጠገብሽ አልሄደችም። እኔ ያንን ባገኝ! ሂጂ፣ ንገሪያት። ትልልቁን ቃል ተዪው። የሆነውን ብቻ።"

ሰላም አልጋው አጠገብ ሄዳ ተንበረከከች። "ሶሲ፣ ትንሽ ሆነሽ ወደ አባባ ስልክሽ ተኝተሽ ነበር። አልነገርኩሽም። ከዚያ በጣም ናፈቅሽኝ" አለቻት። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች "እኔ ነቅቼ ፈለግሁሽ?" ስትል ጠየቀች።

"ፈልገሽኝ ይሆናል።"

"አዎ፣ ፈልጌሻለሁ" አለች ሶስና፤ ዘጠኝ ወሯ የነበረውን የምታስታውስ ይመስል። ከዚያ ውሃ ጠየቀች፤ ከእናቷ እጅ ጠጣች።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ "ልጇ ራሱ መጥቶ" ሲሉኝ ለምን እፎይ እንዳልኩ ይኸው።

ወደ ጸደዩ ገደማ፣ ሕንፃችን በር ላይ ሶስና በረዶ ላይ ተንሸራታ ጉልበቷን መታች። ሰላምና እኔ ግራና ቀኝ ቆመናል፤ ርቀታችን እኩል ነው። ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየች። እጆቼ ተነሱ፤ መልሼ ኪሴ ከተትኳቸው። ፊቴን ግን አልከተትኩም። ሶስና አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰላምን አይታ፣ ወደ እናቷ ሄደች። ለዘይነባ ደውዬ ስነግራት ስልኩ ውስጥ እልል አለች፤ አውቶቡስ ላይ ነበረች።

የመሄጃዬ ሳምንት መጣ። ሰላም ማጀት ውስጥ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ተኝታ ሳለች ሂድልኝ። ገና አሁን እኮ ነው ያገኘኋት። ስትሄድ ካየች ሁሉም ይፈርሳል" አለችኝ። እኔም ልቤ እሷ ጋ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያቺን ልጅ እያለቀሰች ትቼ ከምወጣ፣ ጫማዬን ይዤ በካልሲ ደብረ ዘይት ድረስ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ለዘይነባ ደወልኩላት።

"ጋሼ፣ እኔ አላዝህም" አለችኝ። ይህን ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። "አንተ ታውቃለህ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ። ብትነግራት ታዝንብሃለች። ባትነግራት ግን የምታዝነው በእናቷ ነው፤ ስትነቃ የምታገኘው ሰው እሷ ናታ። ያገኘችውን ልጅ መልሰህ ልትወስድባት ነው።"

ነገርኳት። አልጋዋ ላይ አስቀምጬ፣ "አርብ እሄዳለሁ፤ አያትሽ ወገቧን ታማለች፤ እኔ ወደ አያትሽ፣ አንቺ ከሰላም ጋር" አልኳት። ተነስታ ባርኔጣዬን ወስዳ ውሃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ነከረችው። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። ሙዝ ስሰጣት ለአሻንጉሊቷ ሰጠችው። ለዘይነባ ስነግራት "ተቆጣች? እሰይ! የሚመለስ መሆኑን ያመነ ልጅ ነው የሚቆጣው" አለች። እውነት ይሁን፣ ልታጽናናኝ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም።

አርብ ዕለት ዘይነባ አልመጣችም። "እዚያ ሦስታችሁ ብቻ ነው የምታስፈልጉት" አለች። አውሮፕላን ጣቢያ፣ መንገደኛ ብቻ በሚያልፍበት በር ላይ ቆምን። ሶስና ዝም እንዳለች ነው። ተንበርክኬ "በይ ሶስናዬ፣ መሄዴ ነው" አልኳት። ያልደረቀውን ባርኔጣዬን አየችው። ከዚያ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፏ ተከፈተ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችው ሁሉ ወጣ። ያ ትልቅ አዳራሽ ዞሮ አየን። እጆቼ ራሳቸው ተዘረጉ፤ ማንም ቢያዘኝ ኪሴ የሚገቡ አልነበሩም።

ልጅቷ ግን አልመጣችባቸውም። ዞረች። የእናቷን ካፖርት ይዛ "ሰላም፣ አንሺኝ፣ አንሺኝ" አለች። እስካሁን "እማዬ" ብላት አታውቅም፤ ሰላምም ጠይቃት አታውቅም። ሰላም አነሳቻት። ሶስና ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀብራ፣ ባንድ እጇ የእናቷን ጆሮ ጨብጣ ስለ እኔ አለቀሰች። ሰላም በልጅቷ ጀርባ ላይ አሻግራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። "ሂድ አባዬ፣ ይዣታለሁ" አለችኝ።

ሄድኩ። አንዴ ዞር አልኩ፤ ሶስና ዞራ አላየችኝም። እዚያ ውስጥ፣ ዕቃ የሚፈተሽበት ቦታ፣ አንድ ጎልማሳ ፈታሽ ቀበቶዬንና ባርኔጣዬን እንዳወልቅ በእጁ አሳየኝ። ባርኔጣውን ሲይዘው እርጥብ ሆኖ ደነገጠና አየኝ። እኔ ለካ ሳላውቀው እንባዬ እየወረደ ስስቅ ነበር። ምን እንደሆንኩ ባያውቅም እሱም ሳቀ። ባርኔጣዬን ጨመቅ አድርጎ ሰጠኝና አሳለፈኝ።